አንሷር የጠፋበት ሰፈራ



ስለ አሜሪካ ምዕራብ ሰፋሪዎች ሲነሳ ዓይናችን ላይ የሚመጣው ካውቦይ፣ ሽጉጥና ሸራ የለበሰ ጋሪ ነው። በዚያ ታሪክ ውስጥ መስጂድ ይኖራል ብሎ የሚጠብቅ ብዙ ሰው ያለ አይመስለኝም። ግን አለ። በሰሜን ዳኮታ ግዛት፣ ሮስ በምትባል ትንሽ መንደር አጠገብ፣ ከሶሪያና ከሊባኖስ ምድር የተሰደዱ ሙስሊም ገበሬዎች እ.ኤ.አ. በ1929 መስጂድ ሠርተዋል። በአሜሪካ ለመስጂድነት ታስበው ከተሠሩት የመጀመሪያዎቹ አንዱ ነው። ሰዎቹን እዚያ ያደረሳቸው እ.ኤ.አ. በ1862 የወጣ ሕግ ሲሆን፣ 160 ኤከር (65 ሄክታር ገደማ) መሬት ላይ አምስት ዓመት ኖሮ ላለማ ሰው፣ ከጥቂት የመዝገብ ክፍያ በቀር በነጻ ይሰጥ ነበር። እንጨት በሌለበት በዚያ ሜዳ ብዙው ሰፋሪ ሣሩን ከነአፈሩ እየቆረጠ እንደ ጡብ ደርድሮ ቤት ሠራ። ብርዱ፣ ድርቁና አንበጣው አስመርሮት አምስት ዓመቱ ሳይሞላ ጥሎ የሄደውም ጥቂት አይደለም። በዚህ ሁሉ መሀል ሶላታቸውን ጠብቀው መስጂድ እስከ መሥራት የደረሱ ሰዎች ታሪክ ያኮራል።

ካርታውን ስታዩ ግን ሌላ ነገር ታገኛላችሁ። ከሮስ ብዙ ሳይርቅ ፎርት በርቶልድ የሚባል ክልል አለ፤ ማንዳን፣ ሂዳትሳና አሪካራ የሚባሉት ሕዝቦች መሬታቸው እየተቆረሰ የተወሰኑበት። በዚያ ብርድ የሚደርስ በቆሎ አልምደው ያቆዩት እነሱ ናቸው፤ ዘሩን ኋላ ሰፋሪዎቹም ዘርተውታል። የሰፋሪው ጀግንነት ሲተረክ እነዚህ ሰዎች ብዙ ጊዜ አይነሱም።

ይህን ጎንደር ላይ ሆኜ የማነሳው የእኛም ምዕራብ ስላለ ነው። ከአዘዞ በአይከል አድርጎ ወደ ገንዳ ውኃና መተማ የሚወርደው መንገድ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ሁለት ሺህ ሜትር ገደማ ከፍታ ካለው ደጋ ተነስቶ ሺህ ሜትር የማይሞላ ቆላ ያደርሳል። ያ ቆላ ሰፋሪ ማየት የጀመረው ዛሬ አይደለም። ከዳርፉርና ከዚያም ማዶ ከምዕራብ አፍሪካ የመጡ ተክሩሪ የሚባሉ ሙስሊሞች፣ ብዙዎቹ የሐጅ መንገደኞች፣ መተማ ቀርተው አርሰዋል፣ ነግደዋል፤ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በራሳቸው ሸህ ይተዳደሩ ነበር። ገበያቸው ጥጥ፣ ቡና፣ ማርና ሰም ይሸጥበት ነበር። ባሪያም ይሸጥበት እንደነበር መደበቅ አይገባም።

በ1977ቱ ድርቅ ጊዜ ደርግ ወደ 600 ሺህ ሰው ወደ መተከል፣ ወለጋ፣ ኢሉባቦርና ጋምቤላ አሰፈረ። ብዙው በግዴታ ነበር፤ ከወሎ ከተወሰደው ሕዝብ ውስጥ ሙስሊሙ ብዙ ነው። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው ሰፈራ ግን በክልል ውስጥና በፈቃድ ብቻ እንዲሆን ታሰበ። መሬቱ ከሳሳበት ደጋ ሰው ወደ መተማ፣ ቋራና ጠገዴ ወረደ። ቃሉም ይህ ነበር፦ እስከ 2 ሄክታር መሬት፣ ለመጀመሪያዎቹ ወራት ቀለብ፣ ኑሮው አልመች ካለ መመለሻ እንዲሆን ደግሞ የደጋው ይዞታ ለ3 ዓመት እንዳይነካ።

ደጋ ያደገ ገላ ወባን አይችልም፤ ይህን ሁላችንም እናውቃለን። ብዙ የማይወራው ካላዛር ነው። የመተማ ቆላ አፈር በአብዛኛው ዋልካ ነው። የአፈር ትምህርት የወሰዳችሁ ጠባዩን ታውቃላችሁ፦ ክረምት ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በበጋ ደርቆ ክንድ የሚያስገባ ስንጥቅ ይሰነጠቃል። ስንጥቁ ለእኛ የመሠረትና የመንገድ ራስ ምታት ነው። ለአሸዋ ዝንብ ግን ቤት ነው። ቀን ስንጥቁ ውስጥና ግራር አካባቢ ተሸሽጋ ትውላለች፤ ማታ ወጥታ ትናከሳለች፤ ካላዛርን የምታስተላልፈው እሷ ናት። ሰሊጥ ሲያርም የዋለ ሰው ደግሞ ደክሞት ሜዳ ላይ፣ ግራር ሥር ይተኛል። ትኩሳቱ አልለቅ ይላል፣ ጣፊያ ያብጣል፣ ሰውነት ይመነምናል፤ ካልታከመ ይገድላል። በ1997 ዓ.ም. በሊቦ ከምከም ወረርሽኝ የሆነው ይኸው በሽታ ነው። ከሁመራና ከመተማ በተመለሱ የቀን ሠራተኞች ወደ ደጋው ሳይገባ እንዳልቀረ ይታመናል፤ ምንነቱ እስኪለይ ድረስ ወባ እየተባለ ብዙ ሰው አልቋል።

አሁን ወደ ነገሬ ልምጣ። ደገኛው በወረደበት ቆላ ውኃው የት እንደሚገኝ፣ መሬቱ ምን እንደሚወድ የሚያውቅ ሰው ነበረ፤ በመተማም በቋራም ጉሙዞች ይኖራሉ። ጉሙዝ መሬቱን ጥቂት ዓመት ዘርቶ ለብዙ ዓመት ያሳርፈዋል፤ በዚያው ጫካ ያድናል፣ ማር ይቆርጣል። ያረፈው መሬት ለማያውቅ ዓይን ዱር ነው፤ ለመዝጋቢ ደግሞ «ባዶ»። ፓዌ ሲሰፈር ጉሙዞች መሬታቸውን ለቀዋል። በ2012 እና በ2013 ዓ.ም. በመተከል የፈሰሰውን የንጹሓን ደም በሰፈራ ብቻ ማሳበብ ስህተት ነው፤ ለገዳይም ሰበብ መሆን አይችልም። ቂሙ ከየት እንደጀመረ አለመጠየቅ ግን ሌላ ስህተት ነው።

እኛ የሂጅራ ልጆች ነን፤ የስደትን ታሪክ የተማርነው ከመዲና ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሙሃጂሮቹንና አንሷሮቹን ወንድም ሲያደርጉ፣ ሰዕድ ኢብን ረቢዕ ካለው ሀብት ግማሹን ለዐብዱራሕማን ኢብን ዐውፍ ሊያካፍል አቀረበ፤ ዐብዱራሕማን ዱዓ አድርጎለት ገበያው የት እንደሆነ ብቻ ጠየቀ (ረዲየላሁ ዐንሁማ)። መድረሳ ስንቀራ የሚጎላልን ሠርቶ የማደሩ ነገር ነበር። እኔን አሁን የሚደንቀኝ የአስተናጋጁ ስም አብሮ መቅረቱ ነው። በመተማ ሰፈራ ሰዕድ ማን ነው? ፊቅሁም ቢሆን የሞተን መሬት ያቀና ባለቤት ይሆናል ሲል፣ ዑለማዎቻችን መሬቱ የማንም አለመሆኑን፣ የመንደር ግጦሽና እንጨት መልቀሚያ አለመሆኑን አስቀድመው ይጠይቃሉ።

«ታዲያ ደገኛው እዚያው ተርቦ ይሙት?» የሚለኝ አይጠፋም። አይሙት። ልጆቹ የሚካፈሉት መሬት ያለቀበት አባት መውረዱ ነውር የለበትም፤ በሰሊጥ ገንዘብ ልጁን ያስተማረም አለ፣ አንዳንዶቹ ዛሬ እዚሁ ጊቢ አብረውን ይማራሉ። የምቃወመው ችግሩ እንዲወርድ አድርጎት የሄደን ሰው ጀግና፣ ቀድሞት የነበረውን ደግሞ የሌለ አድርጎ መተረክን ነው።

የጀመዓችን የዚያራ ኮሚቴ ወደ ሆስፒታላችን ሲሄድ ከቆላ የመጡትን የካላዛር ሕሙማንም ይጠይቅ። ሕክምናው ብዙ ጊዜ 17 ቀን በየቀኑ መርፌ ነው፤ አብዛኞቹ የቀን ሠራተኞች ስለሆኑ ጠያቂ ዘመድ አጠገባቸው የለም። ለተግባር ልምምድ ወደዚያ የምትወርዱ የምሕንድስና ተማሪዎች ደግሞ ቅጹ ላይ ስለ መሬቱ አጠቃቀም ስትሞሉ «ባዶ» ከማለታችሁ በፊት በበጋ ማን ከብት እንደሚያሰማራበት፣ ማን ቀፎ እንደሚሰቅልበት ሰው ጠይቁ። ማታም ግራር ሥር አትተኙ፤ አጎበራችሁን ይዛችሁ ውረዱ።