መስኮቱ ለጆንያው፣ ፍራሹ ለደብተሩ

የ12ኛ ክፍል ውጤት በወጣ ቁጥር ደባርቅና ዳባት ላይ አንድ ዓይነት ፍርድ ይሰማል። «የዘንድሮ ልጅ አያጠናም። ስልኩ ላይ ተጥዶ ነው የሚያድረው።» ፍርዱ ቡና ላይ ይሰጣል፣ ለቅሶ ቤት ይደገማል፣ በወላጆች ስብሰባ ይጸድቃል። ልጁ የሚያድርበትን ክፍል በሩን ከፍቶ ያየ ዳኛ ግን ጥቂት ነው።

እስቲ በሩ ይከፈት። ክፍሉ ሦስት በሦስት ነው። ከገጠር ቀበሌ ለትምህርት የመጡ ሁለት ወይም ሦስት ልጆች ተጋርተው ተከራይተውታል። አርብ ወደ ቤተሰብ ሄደው እሁድ ስንቃቸውን ተሸክመው ይመለሳሉ። የስንቁ ጆንያ መስኮቱ ሥር ተደግፏል፤ ጆንያው ላይ ድስት፣ ድስቱ ላይ ቦርሳ። መስኮቱም ብርድ እንዳያስገባ በካርቶን ተደፍኗል። የቀረውን ወለል ፍራሽ ይዞታል። አምፖሉ መሀል ጣሪያ ላይ ተንጠልጥሏል። ጠረጴዛ የለም። ልጁ የሚያጠናው በሆዱ ተኝቶ ነው፤ ደብተሩ ትራሱ ላይ፣ ብርድ ልብሱ ትከሻው ላይ፣ የራሱ ጥላ ገጹ ላይ።

ደባርቅ ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት፣ ቀን ሲማር ውሎ፣ ማታ ውሃ ቀድቶና ወጥ ሠርቶ ብርድ ልብስ ውስጥ የገባ ልጅ ስንት ገጽ ያነባል? አልጋ ላይ የሚያንቀላፋው ሰነፍ ስለሆነ አይደለም። አልጋ ሥራው ማስተኛት ነው።

«ድህነት ነው እንጂ ምን ይደረግ» የሚል አለ። ይህ ግማሹ እውነት ነው። ግማሹን ውሸት ለማየት ደህና ገቢ ያለው የከተማ ቤት መግባት ይበቃል። ሰፊው መስኮት ሳሎን ላይ ነው። ሳሎኑ ውስጥ ሶፋ፣ ቡፌ፣ ቴሌቪዥንና ዳንቴል የለበሰ ጠረጴዛ አለ። ሁሉም በዓመት ሦስት ጊዜ ለሚመጣ እንግዳ ተዘጋጅቶ ይጠብቃል። የቤቱ ተማሪ ደግሞ ጓዳ ባለው አልጋ ላይ ተጣጥፎ ሒሳብ ይሠራል። ጠረጴዛ ጠፍቶ አይደለም፤ ጠረጴዛው ለእሱ ስላልሆነ ነው። የዕቃ አቀማመጥ የአክብሮት ተራ ነው። በዚህ ተራ ተማሪው ከእንግዳ ኋላ፣ ከጆንያም ኋላ ቆሟል።

የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ1978 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት ከተመዘገበ ወዲህ ደባርቅ እንግዳ መቀበል ለምዳለች። አንድ ሌሊት አድሮ ለሚሄድ ቱሪስት አልጋ፣ ወንበርና ጠረጴዛ ማሰናዳት እንደሚያስፈልግ ማንም አይጠራጠርም። አራት ዓመት ለሚቀመጥ ተማሪ ግን ፍራሽ ከተነጠፈ ክፍሉ «የተሟላ» ይባላል።

«ስንቱ በኩራዝ አጥንቶ ዶክተር ሆኗል» የሚለው መልስ የታወቀ ነው። በኩራዝ ተምሮ ያለፈው ስሙ ይጠራል፤ በኩራዝ ተምሮ የወደቀውን የሚቆጥር የለም። ደግሞ የአገሩ የቆየ ትምህርት ራሱ ይህን ክርክር አይደግፍም። በቤተ ክህነት ትምህርት ቤት የቆሎ ተማሪው ዳዊቱን የሚያነበው ቀን፣ ደጅ፣ ፀሐይ ላይ ነው። ሌሊቱ የቃል ትምህርት ነው፤ በጆሮ ሰምቶ በአፍ የሚያዝ። አባቶች ዓይን የሚሻውን ለብርሃን፣ ጆሮ የሚሻውን ለጨለማ ደልድለው ነበር። የዛሬው ፊዚክስ በጨለማ በቃል አይያዝም።

በ2014 ዓ.ም. በአገር አቀፍ ደረጃ ከተፈተኑት ውስጥ 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ ሆነ። ይህን ሁሉ ያመጣው የጠረጴዛ እጦት ነው የሚል ሰው የለም። የመምህርና የመጽሐፍ እጥረት አለ፤ በክልሉ በጦርነት የተስተጓጎለ ትምህርት አለ። እነዚህን ለማስተካከል መንግሥትና ሰላም ያስፈልጋሉ። ጆንያን ከመስኮት ለማንሣት ግን የሚያስፈልገው አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ነው።

ሥራው ይህ ነው። ፍራሹ ወይም አልጋው ወደ ጨለማው ግድግዳ ይሂድ፤ ለመተኛት መስኮት አያስፈልግም። ጆንያው ከወለሉ እርጥበት በድንጋይ ከፍ ብሎ ጥግ ይያዝ። ጄሪካኑና ድስቱ በር አጠገብ፣ ልብሱ ገመድ ላይ። ካርቶኑ ቀን ይነሣ። ባዶ በሆነው መስኮት ሥር ሦስት ሦስት ብሎኬት በሁለት ወገን ተደርድሮ ሳንቃ ይጋደምበት፤ ከፍታው 65 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል። ወንበር ከሌለ የአልጋው እግርጌ እስከ ሳንቃው ይምጣና ጠርዙ መቀመጫ ይሁን። ብርሃኑ ከፊት፣ በቀኙ ለሚጽፍ ደግሞ ከግራ ይምጣ። አምፖሉ ከጀርባ ከሆነ የመብራት ባለሙያ ገመዱን አስረዝሞ ወደ ሳንቃው ያቅርበው።

አንድ ነገር ግን ምንም ቢበርድ ወደ ክፍሉ አይግባ፤ የተቀጣጠለ ከሰል። መስኮቱ በተደፈነ ክፍል ከሰል አስገብቶ መተኛት ማለት ሽታ በሌለው ጋዝ ታፍኖ መሞት ማለት ነው።

አከራዮችም ከዚህ ወቀሳ አያመልጡም። በግቢያቸው ሰርቪስ ቤት ደርድረው፣ መስኮት ሳያወጡ፣ በሰው ቁጥር ኪራይ የሚሰበስቡ አሉ። «ከምሽቱ ሦስት ሰዓት በኋላ መብራት አይበራም፤ ግድግዳ ላይ ምስማር አይመታም» ይላሉ። የዚያው አከራይ ልጅ ሲወድቅ ጥፋቱ የመምህሩ ይሆናል። መስኮት የሌለውን ክፍል ለተማሪ ማከራየት መጋዘን ለሰው ማከራየት ነው።

ይህ ነገር ከሁሉ የሚከብደው ለሴት ልጅ ነው። ወንዱ ክፍሉ ካልተመቸው አምሽቶ ትምህርት ቤት ያጠናል፣ ጓደኛው ዘንድ ይሄዳል። እሷ ሲመሽ መውጣት ያሰጋታል፤ ወጡም ጽዳቱም ብዙ ጊዜ በእሷ ላይ ነው። ያ ክፍል ካልሆነላት ሌላ ማጥኛ የላትም።

ባሕር ዛፍ በሞላበት አገር ሳንቃ ብርቅ አይደለም። በገበያ ቀን ለልጁ በሶና ሽሮ አስጭኖ የሚመጣ አባት፣ አንድ ጊዜ ሳንቃም ይጨምርበት። ስንቁን አውርዶ ከደጅ አይመለስ። ይግባና ልጁ የት ተቀምጦ እንደሚያነብ ይይ። ያን ያየ አባት «አያጠናም» ብሎ ቢፈርድ ያምርበታል። ያላየ ግን ፍርዱን ያቆየው፤ መጀመሪያ ጆንያውን ያንሣ።