የባሕር ዳር ስታዲየም እድሳት፦ ከካፍ ፈቃድ ባሻገር ለተመልካቹ ምን ያስገኛል?

በኅዳር 2012 ዓ.ም የኢትዮጵያ ብሔራዊ ቡድን በባሕር ዳር ስታዲየም ኮትዲቯርን 2 ለ 1 አሸነፈ። በመጋቢት 2013 ዓ.ም በዚያው ሜዳ ማዳጋስካርን 4 ለ 0 ረታ። እነዚህ ውጤቶች ዋልያዎቹን ካሜሩን ወዳዘጋጀችው የአፍሪካ ዋንጫ ካደረሷቸው መካከል ናቸው። በመስከረም 2014 ዓ.ም ደግሞ ቡድኑ ለዓለም ዋንጫ ማጣሪያ በባሕር ዳር ከደቡብ አፍሪካ ጋር ተጫውቶ 3 ለ 1 ተሸነፈ። ከዚያ ጨዋታ በኋላ ብዙም ሳይቆይ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን (ካፍ) ስታዲየሙ መስፈርቱን አያሟላም በማለት ዓለም አቀፍ ጨዋታ እንዳያስተናግድ አገደው።

ከዚያ ወዲህ የስታዲየሙ እድሳት ጉዳይ በተነሣ ቁጥር ውይይቱ በአንድ ጥያቄ ላይ ሲያጠነጥን ቆይቷል፤ ካፍ መቼ ይፈቅዳል? ጥያቄው ተገቢ ነው። ነገር ግን ብቻውን በቂ አይደለም። የፈቃድ ወረቀት የሚሰጠው ለሜዳ ሲሆን፣ በሜዳው ዙሪያ የሚቀመጠው ደግሞ ትኬት ገዝቶ፣ ፀሐይና ዝናብ ተቋቁሞ፣ ከከተማውና ከአጎራባች ወረዳዎች የሚመጣው ሕዝብ ነው። እድሳቱ ለዚህ ሕዝብ ምን እንደሚያስገኝ ካልተጠየቀ ሥራው ጎተራ ሠርቶ ክዳኑን እንደመርሳት ይሆናል።

የሰው ሜዳ ዋጋ

በሀገር ውስጥ ብቁ ሜዳ መጥፋቱ ያስከተለው ጉዳት ከስሜት የዘለለ ነው። በኅዳር 2014 ዓ.ም ኢትዮጵያ በሜዳዋ ልታስተናግደው ይገባ የነበረውን የጋና ጨዋታ ያካሄደችው በደቡብ አፍሪካዋ ጆሃንስበርግ ነበር። በሰኔ 2014 ዓ.ም ደግሞ የሰባት ጊዜ የአፍሪካ ሻምፒዮኗን ግብፅን 2 ለ 0 ያሸነፈችው በማላዊ ዋና ከተማ ሊሎንግዌ ነው። ያ ድል በባሕር ዳር ወይም በአዲስ አበባ ቢሆን ኖሮ አሥር ሺዎች በዓይናቸው ያዩት ነበር። ሕዝቡ ግን በቴሌቪዥን ተመለከተው። ከዚያ በኋላም ሞሮኮና ታንዛኒያን ጨምሮ በሌሎች ሀገሮች የ«ሜዳችን» ጨዋታዎች ተካሂደዋል።

ቡድን በሰው ሜዳ ሲያስተናግድ ወጪው በሁለት በኩል ይመጣል። በአንድ በኩል የአውሮፕላን፣ የሆቴልና የስታዲየም ክፍያ በውጭ ምንዛሪ ይወጣል። በሌላ በኩል ከትኬትና ከማስታወቂያ ሊገኝ ይችል የነበረው ገቢ ይቀራል። ከዚህም በላይ ተጫዋቾቹ የደጋፊውን ድምፅ ያጣሉ። የባሕር ዳር ከተማም የእንግዳ ቀኗን ታጣለች። በጨዋታ ቀን አልጋ የሚያከራየው ሆቴል፣ እስከ ምሽት የሚሠራው የባጃጅ አሽከርካሪ፣ በስታዲየሙ ዙሪያ ቡናና ቆሎ የምትሸጠው እናት፣ ለሆቴሎች ወተትና አትክልት የሚያቀርበው የአካባቢው አርሶ አደር ሁሉም ከዚያ ቀን ድርሻ ነበራቸው።

ችግሩ የባሕር ዳር ብቻ አይደለም። በጥር 1954 ዓ.ም ኢትዮጵያ የአፍሪካ ዋንጫን ያነሣችበት የአዲስ አበባ ስታዲየም ራሱ በእርጅና ምክንያት ለእድሳት ተዘግቶ ቆይቷል። 62 ሺህ ተመልካች እንዲይዝ ታስቦ በ2008 ዓ.ም ግንባታው የተጀመረው የአደይ አበባ ስታዲየምም ዓመታትን አስቆጥሯል። አንዱ ስታዲየም ሲጓደል ሌላው የሚተካበት ዕድል ጠባብ በመሆኑ እያንዳንዱ የእድሳት ውሳኔ ክብደቱ ይጨምራል።

ሣሩ ከሥሩ ይጀምራል

ካፍ ፈቃድ ሲሰጥ ከሚመለከታቸው ነገሮች መካከል የመጫወቻ ሣሩ ጥራት፣ የፓውዛ መብራት፣ የመልበሻ ክፍሎች፣ የሕክምናና የአበረታች መድኃኒት መመርመሪያ ክፍሎች፣ የመገናኛ ብዙኃን ሥፍራ፣ የተመልካች ወንበርና የመግቢያና መውጫ በሮች ይገኙበታል። ከእነዚህ ሁሉ ለዓይን ቀድሞ የሚታየው ሣሩ ነው። ሆኖም የሣር ጤና የሚወሰነው ከሥሩ ባለው ነገር ነው።

ይህን ለአርሶ አደር ማስረዳት አያስፈልግም። በጣና ዙሪያ፣ በተለይም በፎገራ ሜዳ፣ ውኃ የሚቋጥር መሬት ምን እንደሚያደርግ የሚያውቅ ሰው ለስታዲየም ሣርም ተመሳሳይ ሕግ እንደሚሠራ ይረዳል። የባሕር ዳር ዝናብ አብዛኛው የሚጥለው ከሰኔ እስከ መስከረም ባሉት ወራት ነው። ከሣሩ በታች ውኃ የሚያሳልፍ የአሸዋና የጠጠር ንጣፍ፣ ከዚያም በታች ውኃውን ወደ ውጭ የሚወስድ ቱቦ ከሌለ፣ በላይ የተነጠፈው ሣር ምንም ያህል ውድ ቢሆን ክረምቱን አይሻገርም። በበጋ ደግሞ በየጊዜው ካልጠጣና ካልታጨደ ይደርቃል፤ በቦታ በቦታም ይመለጣል። ስለዚህ የሣር ሥራ አንድ ጊዜ ተሠርቶ የሚረሳ ሳይሆን እንደ ማሳ በየወቅቱ ባለሙያ፣ ውኃና በጀት የሚፈልግ ነው። ከልምምድ ጀምሮ እስከ ኮንሰርትና ሕዝባዊ ስብሰባ ድረስ ሁሉም ነገር በአንድ ሜዳ ላይ የሚካሄድ ከሆነ የትኛውም ሣር አይችለውም።

ከወንበር እስከ በር

ለተመልካቹ ትልቁ ለውጥ ወንበር ነው። በኮንክሪት ደረጃ ላይ ካርቶን አንጥፎ መቀመጥ በሀገራችን ስታዲየሞች የተለመደ ነው። ቁጥር ያለው የግል ወንበር ሲገጠም ግን የሚለወጠው ምቾት ብቻ አይደለም። ትኬቱ ከወንበሩ ቁጥር ጋር ይያያዛል። ከአቅም በላይ ሰው ማስገባት አስቸጋሪ ይሆናል። ቀድሞ ለመቀመጥ ከማለዳ ጀምሮ መሰለፍም ይቀራል። በአንጻሩ ወንበር ሲገጠም ስታዲየሙ የሚይዘው የሰው ቁጥር ይቀንሳል። ይህ ለሕዝቡ አስቀድሞ መነገር ያለበት እውነት ነው፤ አለበለዚያ «ስታዲየሙ ታደሰ፤ እኛ ግን ውጭ ቀረን» የሚል ቅሬታ መነሣቱ አይቀርም።

በሮቹ ደግሞ የሕይወት ጉዳይ ናቸው። በጥር 2014 ዓ.ም በካሜሩን ያውንዴ በሚገኘው ኦሌምቤ ስታዲየም መግቢያ ላይ በደረሰ መጨናነቅ ቢያንስ 8 ሰዎች ሞተዋል። ዋልያዎቹ በዚያው ስታዲየም ሁለት ጨዋታ ካደረጉ ገና ሁለት ሳምንት አልሞላም ነበር። ኦሌምቤ ለውድድሩ ተብሎ የተገነባ አዲስ ስታዲየም ነበር። አደጋው የደረሰው ሕንፃው አርጅቶ ሳይሆን ሰው በብዛት በሚገፋበት ሰዓት የበር አያያዙ በመበላሸቱ ነው። በግንቦት 1993 ዓ.ም በጋና አክራ ስታዲየም ከ120 በላይ ተመልካቾች ያለቁትም አስለቃሽ ጭስ ሲተኮስ ሕዝቡ በአንድ ጊዜ ወደ መውጫዎቹ በመሮጡ ነበር። በብሪታንያ የስታዲየም ደኅንነት መመሪያ እያንዳንዱ ተመልካች ከመቀመጫ ሥፍራው ወጥቶ ወደ ነጻ መተላለፊያ ለመድረስ ከ8 ደቂቃ በላይ ሊፈጅበት አይገባም። የእድሳት ፕላን ሲቀርብ ቀድሞ መጠየቅ ያለበትም ይኸው ነው፤ ሕዝቡ በስንት በር፣ በስንት ደቂቃ ይወጣል? በሮቹን በጨዋታ ቀን የሚከፍተውና የሚዘጋው ማን ነው?

ከዚህ ቀጥሎ የሚመጡት ነገሮች በዕቅድ ወረቀት ላይ ትንሽ ይመስላሉ። ለሴቶች የተለየና በቂ መጸዳጃ ቤት፣ የሚጠጣ ውኃ፣ ከፀሐይና ከዝናብ የሚከልል ጣራ፣ አካል ጉዳተኞች በተሽከርካሪ ወንበር የሚገቡበት መንገድ፣ ከጨዋታ በኋላ ከመራዊ፣ ከአዴት ወይም ከሐሙሲት የመጣው ሰው ሳይመሽበት የሚሳፈርበት መጓጓዣ። አባት ልጁን፣ እናት ቤተሰቧን ይዛ ስታዲየም መምጣቷን የሚወስኑት ግን እነዚህ ናቸው። ስታዲየም የወጣት ወንዶች ብቻ መዋያ ሆኖ የሚቀረው ብዙ ጊዜ ሌላው ሕዝብ ኳስ ስለማይወድ ሳይሆን ሥፍራው ስለማይመቸው ነው።

የቦስተንና የካንሳስ ሲቲ ትምህርት

ያረጀን ስታዲየም አድሶ ማቆየት ወይስ አፍርሶ አዲስ መሥራት የሚለው ክርክር በሌላው ዓለምም አለ። በአሜሪካ ቦስተን የሚገኘው ፌንዌይ ፓርክ የተባለው የቤዝቦል ስታዲየም የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1912 ነው። በ1990ዎቹ መጨረሻ የቡድኑ ባለቤቶች በአዲስ ሊተኩት አቅደው ነበር። በ2002 ቡድኑን የገዙት አዲስ ባለቤቶች ግን ማደስን መረጡ። ሥራውን ለአሥር ዓመታት ያህል፣ ውድድር በማይካሄድባቸው የክረምት ወራት ብቻ፣ ደረጃ በደረጃ አከናወኑት። መተላለፊያዎች ሰፉ፤ በታወቀው ረጅም የግራ ግድግዳ አናት ላይ ሳይቀር አዲስ መቀመጫ ተሠራ። 285 ሚሊዮን ዶላር ያህል ፈሰሰበት። ስታዲየሙ ግን ለእድሳት ተብሎ አንድም የውድድር ዓመት አልተዘጋም።

ይህን አካሄድ እንዳለ ወደ ባሕር ዳር ማምጣት አይቻልም። እዚያ የውድድር ዕረፍት የሚውልበት ወቅት በረዷማ ቢሆንም ባለሀብቶቹ አቅም ነበራቸው። እዚህ ዕረፍቱ የሚውለው በዝናቡ ወራት ነው፤ አፈር መቆፈርና ኮንክሪት መሙላት የሚከብድበት ጊዜ ነው። ስለዚህ የመሬት ሥራው በበጋ፣ የውስጥ ክፍሎች ሥራ በክረምት እንዲሆን መከፋፈል ያስፈልጋል። ከቦስተን የሚወሰደው ዋናው ትምህርት ግን ቅደም ተከተሉ ነው። በየዓመቱ አንድ ክፍል ይጠናቀቃል፤ ተመልካቹ ያየዋል፤ ቀጣዩ ይቀጥላል። ሁሉንም በአንድ ጊዜ ጀምሮ አንዱንም ሳይጨርሱ መቆየት ግን ገንዘብም ጊዜም ያባክናል። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» እንዲሉ፣ ለአንድ ጨዋታ ሲባል በጥድፊያ የተሠራ ነገር ከጨዋታው ማግስት ይፈርሳል።

ሌላው ትምህርት ከካንሳስ ሲቲ ይመጣል። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2024 በከተማዋ አካባቢ የሚኖሩ መራጮች ለቤዝቦልና ለአሜሪካ እግር ኳስ ስታዲየሞች የሚውል የሽያጭ ታክስ እንዲቀጥል ተጠይቀው 58 በመቶ ያህሉ «አይሆንም» ብለዋል። እነዚህ ሰዎች ቡድኖቻቸውን የሚወዱ ናቸው። የአሜሪካ እግር ኳስ ቡድናቸው የሀገሪቱን ዋንጫ ካነሣ ገና ሁለት ወር አልሞላውም ነበር። ለቡድን ያለ ፍቅር ስለ ሕዝብ ገንዘብ የሚነሣውን ጥያቄ እንደማያስቀር ያ ድምፅ ያሳያል።

በሕዝብ ገንዘብ የሚሠራ ሥራ

በባሕር ዳር ሁኔታ ይህ ጥያቄ ይበልጥ ይከብዳል። የክልሉ ሕዝብ መንገድ፣ ውኃ፣ ጤና ጣቢያና ማዳበሪያ የሚፈልግበት ጊዜ ነው። በገጠር ለሚኖር አርሶ አደር «ለስታዲየም ይህን ያህል ገንዘብ ለምን?» ብሎ መጠየቅ መብቱ ነው። ለጥያቄው የሚሰጠው መልስ «የሀገር ገጽታ» የሚል ብቻ ከሆነ አያሳምንም። አሳማኙ መልስ በቁጥር የሚቀርብ ነው። እድሳቱ በጠቅላላ ስንት ይፈጃል? እስካሁን ስንቱ ወጣ? የትኛው ክፍል መቼ ያልቃል? ካለቀ በኋላ የዓመት የጥገና ወጪው ከየት ይሸፈናል? እነዚህ አራት ጥያቄዎች በየጊዜው በይፋ ከተመለሱ ሕዝቡ ሥራውን እንደራሱ ይቆጥረዋል፤ ካልተመለሱ ግን መጠራጠሩ አይቀርም።

የጥገናው ጥያቄ በተለይ ችላ መባል የለበትም። ስታዲየም የሚያረጀው በዕድሜ ብቻ አይደለም። የተሰበረ ቧንቧ ሳይጠገን ሲቆይ፣ የፈሰሰ ጣራ ሳይደፈን ሲከርም፣ የተቃጠለ መብራት ሳይለወጥ ሲቀር ገና ያልተጠናቀቀ ሕንፃ ጭምር ያረጃል። ስታዲየሙ ራሱን የቻለ አስተዳደር፣ ከትኬት፣ ከሱቅ ኪራይና ከማስታወቂያ የሚገኝ የራሱ ገቢና ለጥገና ብቻ የሚውል ሒሳብ ቢኖረው ከአሥር ዓመት በኋላ ተመሳሳይ እድሳት የመጠየቅ አደጋው ይቀንሳል።

በመጨረሻም ከግንባታ ውጭ ያለ አንድ ጉዳይ አለ። ከ2015 ዓ.ም ማብቂያ ጀምሮ በክልሉ የተከሰተው የጸጥታ ችግር እንግዳን፣ ንግድንና ውድድርን ጎድቷል። ከወረዳ የሚመጣው ደጋፊ ያለ ስጋት መንገድ ካልወጣና በሰላም ወደ ቤቱ ካልተመለሰ ወንበሮቹ ባዶ ይሆናሉ። ስለዚህ የስታዲየሙ ጉዳይ ከአካባቢው ሰላም ተለይቶ አይታይም።

የካፍ ፈቃድ መገኘት ትልቅ እርምጃ ነው፤ ዋልያዎቹንም ወደ ሕዝባቸው ይመልሳል። ነገር ግን ፈቃድ የሚሰጥና የሚነሣ ነገር መሆኑን የ2014 ዓ.ም ልምድ አሳይቷል። ፈቃዱን የሚያዘልቀው በየክረምቱ ውኃውን የሚያሳልፍ ሜዳ፣ በሰዓቱ የሚከፈት በር፣ የሚሠራ መጸዳጃ ቤትና በይፋ የሚቀርብ ሒሳብ ነው። ተመልካቹም እድሳቱን የሚመዝነው በምረቃው ዕለት በሚሰማው ንግግር ሳይሆን፣ በሦስተኛውና በአራተኛው ዓመት ትኬት ቆርጦ ሲገባ በሚያገኘው ነገር ነው።