ባሕር የለንም አትበሉ

እኩዮቼ፣

በዚህ ዕድሜያችን ሰው ደጃችንን የሚረግጠው ለሁለት ነገር ነው፤ ለምርቃትና ለምክር። ምርቃቱን ሳንሰስት ሰጥተናል። ምክሩ ላይ ግን አንድ ነገር እያጓደልን ነው፤ ዝም ብዬ ነገ ከምጠየቅ ዛሬ ልናገር። ነገሬ ስለ ባሕር ላይ አውሎ ነፋስ ነው። «እኛ የወሎ ሰዎች፣ ባሕሩ የት፣ እኛ የት?» ስትሉ ከወዲሁ ይሰማኛል። በእድሩም በሰንበቴውም ስሰማው የኖርኩት ይኸው ነው። ይህ አባባል ማሳችንን አስከፍሎናል፤ ካልተውነው ልጆቻችንንም ያስከፍለናል።

ፓስፊክ ላይ ታይፉን፣ አሜሪካ በኩል ሀሪኬን፣ ሕንድ ውቅያኖስ ላይ ሳይክሎን ይሉታል፤ ፍጥረቱ ግን አንድ ነው። የሚወለደው የባሕሩ ገጽ ከ26 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሲሞቅ ነው። እንፋሎቱ ሽቅብ ይወጣና ከላይ ቀዝቅዞ ደመና ይሆናል። እንፋሎት ወደ ውሃ ሲመለስ ደግሞ የያዘውን ሙቀት ይለቃል፤ የፈላ ድስት ስትከፍት እጇ የተቃጠለ ሁሉ ይህን ታውቃለች። የተለቀቀው ሙቀት አየሩን ይበልጥ ወደ ላይ ያነሣዋል፤ በቦታው ከዙሪያው ሌላ አየር ይሳባል፤ እሱም እንፋሎቱን ተሸክሞ ይመጣል። ምድር ስለምትዞር የሚሳበው አየር ቀጥ ብሎ አይገባም፤ ይጠማዘዛል። በጥቂት ቀናት ውስጥ መካከሉ ዐይን ያወጣል። ዐይኑ ውስጥ ነፋስ ይረጋል፣ ሰማይም ይጠራል። ዐይኑን የከበበው የደመና ግንብ ግን ከሁሉም የከፋው ክፍል ነው። «አለፈልን» ብሎ ከመጠለያ የወጣ ሰው፣ ወዲያኛው የግንቡ ወገን ከተቃራኒ አቅጣጫ መጥቶ ሜዳ ላይ ያገኘዋል።

አውሎ ነፋሱ የሚሞተው ከሞቀው ውሃ ሲለይ ነው፤ የብስ ላይ ሲወጣ፣ ቀዝቃዛ ባሕር ሲገጥመው፣ ወይም ደረቅ አየር ውስጡ ሲገባ። ሲሞት ግን የያዘውን ውሃ ሁሉ ጥሎ ነው። ጥቅምት 29 ቀን 2006 ዓ.ም. ሀይያን የተባለው ታይፉን ፊሊፒንስን ሲመታ፣ ነፋሱ ባሕሩን ገፍቶ ታክሎባን በምትባል ከተማ ላይ ደፋው። በአገሩ ከ6,000 በላይ ሰው አለቀ። ነፋሱ ያስፈራል፤ አብዛኛውን ሰው የሚገድለው ግን ውሃው ነው።

ፊሊፒንስ ሩቅ ነው ካላችሁ ወደ ቅርባችን ልምጣ። የዐረብ ባሕር በዓመት ሁለት ጊዜ በሩን ይከፍታል፤ አንዱ ክረምቱ ሳይገባ በግንቦት ግድም፣ ሁለተኛው ክረምቱ ከወጣ በኋላ ከመስከረም ማብቂያ እስከ ኅዳር። በመካከሉ የክረምቱ ነፋስ ከታች በአንድ አቅጣጫ፣ ከላይ በሌላ አቅጣጫ ስለሚነፍስ አውሎ ነፋሱ ገና ሲበቅል አናቱን ቀንጥሶ ይጥለዋል። ስለዚህ እነዚህን ሁለት ወቅቶች እንደ ጾም መያዣ ቀን ዕወቋቸው።

ግንቦት 11 ቀን 2010 ዓ.ም. ሳጋር የተባለው የኤደንን ባሕረ ሰላጤ ወደ ምዕራብ ሰንጥቆ ሶማሌላንድ ላይ ወጣ። በሕንድ ውቅያኖስ ሰሜን ክፍል የዚያን ያህል ወደ ምዕራብ ዘልቆ የብስ የረገጠ አውሎ ነፋስ በመዝገብ አልነበረም። ጅቡቲን አጥለቀለቃት፤ ርዝራዡም ዝናብ ይዞ ወደ እኛ ምሥራቅ ቆላ ገባ። ሳምንት ሳይሞላ መኩኑ መጣ፤ የሶኮትራን ደሴት ደቁሶ ግንቦት 17 ኦማን ላይ ሳላላ አጠገብ ወጣ። ያቺ ከተማ በዓመት የምታገኘውን ዝናብ በብዙ እጥፍ በጥቂት ቀን አወረደባት። ጥቅምት 4 ቀን 2011 ዓ.ም. ደግሞ ሉባን የሚባለው የየመንን ምሥራቅ መታ።

እንግዲህ ጆሮ ስጡኝ፤ የእኛ ነገር የሚጀምረው ሁሉም ሰው «አለቀ» ባለበት ቦታ ነው።

ከሳላላ ወደ ውስጥ ሲገባ ሩብ አል ኻሊ የሚባል በረሃ አለ። አሸዋ ብቻ ነው፤ ከኦማን እስከ ሳዑዲ፣ ከየመን እስከ ኤምሬቶች ተዘርግቷል። መኩኑ እዚያ አሸዋ ላይ ሐይቅ ጥሎ ሄደ። ሣር በቀለ። የበረሃ አንበጣ እንቁላሉን የሚጥለው እርጥብ አሸዋ ውስጥ ነው፤ ደረቅ ከሆነ አይሆንለትም። እንቁላሉ ተፈለፈለ፤ ኩብኩባው የበቀለውን ሣር በልቶ ክንፍ አወጣ። ሣሩ ሊደርቅ፣ ነገሩም ሊያበቃ ሲል ሉባን ሁለተኛውን ዝናብ ይዞ ደረሰ። በተመቸው ዘመን አንበጣ በየትውልዱ 20 እጥፍ ይራባል። በሦስት ወር 20፣ በስድስት ወር 400፣ በዘጠኝ ወር 8,000 እጥፍ ማለት ነው። የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት በኋላ ሲያሰላው ያገኘው ይህንኑ ነው፤ በዚያ በረሃ ሦስት ትውልድ ተፈለፈለ፣ ያየውም ሰው አልነበረም። መንገድ የለማ! እረኛም የለ!

ከዚያ ወደ የመን ተሻገረ። የመን ጦርነት ላይ ነበረች፤ መድኃኒት ረጪው የት ይግባ? በ2011 ክረምት ባሕሩን አቋርጦ ወደ ሶማሌና አፋር ቆላ ወረደ። በ2012 መጸው በአፍሪካ ቀንድ ያለ ልክ ዘነበ፤ ፓዋን የተባለ ሌላ አውሎ ነፋስም ኅዳር ማብቂያ ላይ ሶማሊያን መታ። አንበጣው እንደገና ረጋ ብሎ ተራባ። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ መጨረሻ ከጅቡቲ ተነሥቶ ድሬዳዋ ሊያርፍ የነበረ የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን፣ መንጋው ሞተሩንና የፊት መስኮቱን ስለመታው ማረፍ አቅቶት አዲስ አበባ ሄዶ አረፈ። ብረት የለበሰውን እንዲህ ካደረገ ለጤፍ ምን ይተርፈዋል?

በ2013 መስከረምና ጥቅምት ራያ ቆቦ ላይ የሆነውን ልንገራችሁ አልልም፤ አብረን አይተናል። ማሽላው ሊቆረጥ፣ ጤፉ ሊታጨድ ሲል መጣ። ጅራፍ አጮኽን፣ ቆርቆሮ ደበደብን፣ ጭስ አጨስን፤ እናቶች ነጠላቸውን እያውለበለቡ ማሳ ለማሳ ሮጡ። አንድ ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሸፍን መንጋ በቀን 35,000 ሰው የሚበላውን ያህል ይበላል፤ የመጣው መንጋ ደግሞ በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር የሚወሰን አልነበረም። ከሱ በኋላ የመጣብን ጦርነት ይህንን አስረሳን፤ ለመርሳታችን አልፈርድም። በዚያው ኅዳር ግን ጋቲ የተባለው፣ ሶማሊያን ከመቷት ሁሉ የበረታው አውሎ ነፋስ፣ ደረቁን ምድር አርሶ ለአንበጣው ሌላ አልጋ አነጠፈለት።

«የእግዜር ቁጣ ነው» ያላችሁ ነበራችሁ። ቄሱም ሼሁም ጸለዩ፤ መልካም አደረጉ። ግን ኦሪት ዘፀአትን የምታነቡ ሰዎች እኮ ናችሁ። ግብጽ ላይ አንበጣው የመጣው ሌሊቱን ሙሉ በነፈሰ የምሥራቅ ነፋስ እንደሆነ ተጽፏል። አንበጣውን አይተን ነፋሱን ለምን ዘለልነው? የሚጸልይ ሰው ከወዴት እንደሚነፍስ ቢያውቅ ኃጢአት አይሆንበትም።

ሁለተኛው ፍርሃቴ ልጆቻችን ናቸው። ከመካከላችን ልጁ ወይም የልጅ ልጁ ኦማን፣ ሳዑዲ ወይም ኤምሬቶች የሌለችበት ስንቱ ነው? ግንቦት 1999 መጨረሻ ጎኑ የተባለው ኦማንን ሲመታ 50 ያህል ሰው ሞተ። መስከረም 23 ቀን 2014 ዓ.ም. ሻሂን ሰሜን ኦማንን መታ። የሻሂን ታሪክ ይገርማል፤ መጀመሪያ ጉላብ ተብሎ ከቤንጋል ባሕረ ሰላጤ ተነሥቶ ሕንድን ከዳር እስከ ዳር አቋረጠ፣ ደከመ፣ ሞተ ተባለ። የዐረብን ባሕር ሲያገኝ በሌላ ስም ተነሣ። እዚያ አገር ዓመቱን ሙሉ ደረቅ የሚውል የጎርፍ መውረጃ አለ፤ ዋዲ ይሉታል። ከተራራ የወረደው ውሃ በአፍታ ይሞላዋል፤ መኪና ይዞ ይሄዳል። ስለዚህ ሲደውሉ «ብር ላክሽ ወይ?» ከማለታችን በፊት «ዋዲ እንዳትሻገሪ፣ የምትተኚው ምድር ቤት ከሆነ ወደ ላይ ውጪ» እንበል። በጅቡቲ ኦቦክና በሶማሊያ ቦሳሶ በኩል በጀልባ ሊሻገር ያሰበ ጎረምሳ ካላችሁማ፣ በግንቦትና በጥቅምት ደላላው «ባሕሩ ተኝቷል» ቢለው አትመኑለት። ሳጋር የተጓዘው በዚያው ውሃ ላይ ነው።

ማስጠንቀቂያ ሥራ እንደሚሠራ የማያምን ሰው ካለ ሕንድን ይመልከት። በ1992 ዓ.ም. ጥቅምት ኦዲሻ የሚባለውን ክፍለ አገር የመታው አውሎ ነፋስ 10,000 ያህል ሰው ፈጀ። ጥቅምት 2006 በዚያው ዳርቻ ፋይሊን የተባለ ኃይለኛ አውሎ ነፋስ መጣ፤ ቀድሞ ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው ከባሕሩ ዳር እንዲነሣ ተደረገ፤ የሞተው ከ100 በታች ነው። ነፋሱ አልራራም፤ ሰው ቀድሞ ተነሣ እንጂ። ይህ እንዲሆን ግን ከየመንደሩ አንድ ሽማግሌ «ከብቴን ጥዬ አልሄድም» ማለቱን መተው ነበረበት። ልጅ አባቱን ጥሎ አይሸሽም። እኛ ካልተነሣን የሚነሣ የለም፤ እኛ «ወሬ ነው» ካልን ደግሞ ስልክ ይዞ የመጣው ወጣት አፍሮ ይመለሳል። ስንት ጊዜ እንዲህ አድርገን አሳፍረናል!

ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ለዚህ ነው። የአንበጣውም ነገር እንዲሁ ነው፤ ኩብኩባ መብረር የሚችለው ከተፈለፈለ ከወር ያህል በኋላ ነው፤ እስከዚያ በእግሩ ይዘላል፣ ይያዛል፣ ይረጭበታል። ከበረረ በኋላ ቆርቆሮ መደብደቡ ብቻ ይቀራል።

ስለዚህ በመጪው የእድር ስብሰባ የማነሣውን ቀድሜ ላሳውቃችሁ። ከየጎጡ የሚያነብና የሚጽፍ አንድ ወጣት ይመረጥ። ሬዲዮው የኦማንን፣ የየመንን ወይም የሶማሊያን አውሎ ነፋስ ባነሣ ቁጥር ቀኑን ጽፎ ይያዝ፤ እዚያ ያሉ ልጆቻችን ጋ በዚያው ምሽት ይደወል። ከዚያም እስከ ዓመት ድረስ በየወሩ ወደ አፋር ቆላ ግመልና ከብት ለሚነዱት፣ ገበያም ለሚወርዱት «ኩብኩባ አይታችኋል?» እያለ ይጠይቅ። አየን ካሉ ነገ ሳይባል ለልማት ጣቢያ ሠራተኛው ይነገር፤ ያልደረሰው እስኪደርስ ሳይጠበቅ የደረሰው ማሽላና ጤፍ በደቦ ይሰብሰብ። የስልኩ ካርድ ወጪ ከእድሩ ሣጥን ይውጣ። የሚቃወም ካለ ስብሰባው ላይ ፊት ለፊት ይናገር።