ፍርሃት የያዘውን ልጅ መጀመሪያ እናስተንፍሰው

ዛሬ የምጽፈው ከራሴ ስህተት የተማርሁትን ነው።

አንድ እሑድ ካራቆሬ የልጆች ትምህርት ላይ ሳለን ነፋስ የቆርቆሮውን በር አላተመው። አንዲት ልጅ አግዳሚ ወንበር ሥር ገብታ ተንቀጠቀጠች፤ ትንፋሿም ተቆራረጠ። ቤተሰቧ በ2013 ዓ.ም. አጣዬ ስትቃጠል የሸሸ ነው። እኔ ፈጥኜ እጄን ራሷ ላይ ጭኜ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ የፍርሃትን መንፈስ ገሠጽሁ። ልጅቱ ባሰባት። ለካ ለእሷ አንድ ትልቅ ሰው እላይዋ ላይ እየጮኸባት ነበር።

አስተማሪዋ እህታችን መሬት ላይ ቁጭ ብላ፣ «ትኩስ ሻይ ይዘሻል እንበል፤ ቀስ ብለሽ እፍ እያልሽ አቀዝቅዢልኝ» አለቻት። አራት አምስት ጊዜ እፍ አለች። ቀጥላ፣ «አሁን ሎሚ ጨብጠሻል፤ ጭምቅ አድርጊው፤ በይ ልቀቂው» አለቻት። ልጅቱ ትከሻዋ ወረደ። ከዚያ ጸለይን፤ አሜንም አለች። ሥነ መለኮት ኮሌጅ ብዙ ተምሬአለሁ፤ ይህን ግን አልተማርሁም።

ነገሩ ረቂቅ አይደለም። ስንፈራ ልብ ይፈጥናል፣ ትንፋሽ ያጥራል፣ ጡንቻ ይገተራል። አየርን ከማስገባት ይልቅ በማስወጣቱ ላይ ስንቆይ የልብ ምት ይረጋጋል። ታዲያ ልጆች ይህን መለማመድ ያለባቸው በሰላሙ ጊዜ፣ ለምሳሌ ከመኝታ በፊት እንደ ጨዋታ ነው። በድንጋጤ መካከል አዲስ ነገር ማን ይማራል?

አንዳንድ ቅዱሳን፣ «ፓስተር፣ ይሄ ዮጋ አይደለም ወይ?» ብለውኛል። ጥንቃቄያቸውን አከብራለሁ። ነገር ግን እዚህ የሚጠራ ሌላ ስም የለም፤ የሚመለክም የለም። እናቶቻችን ሕፃን አዝለው እሹሩሩ እያሉ ሲወዘውዙ ያደረጉት ይኸው ነው፤ ማንም እምነት የጎደለው ሥራ ብሎ አልነቀፋቸውም። ኤልያስም ሞቱን እስኪለምን ድረስ ተስፋ ቆርጦ ከክትክታው ዛፍ በታች በተኛ ጊዜ (1ኛ ነገሥት 19) መልአኩ በቅድሚያ ተግሣጽ አላመጣለትም። እንጎቻና ውኃ አቀረበለት፤ በልቶም ደግሞ ተኛ። ጌታ ያናገረው ከዚያ በኋላ ነው። እኛ ግን ልጅን «ወንድ ልጅ አይፈራም» ወይም «እምነት የለህም?» ለማለት እንቸኩላለን። ይህን ልማዳችንን በግልጽ እቃወማለሁ።

እፍ ማለት ሁሉን ይፈውሳል እያልሁ አይደለም። ሳምንታት አልፈውም የሚቃዥ፣ ትቶት የነበረው አልጋ ማርጠብ የተመለሰበት፣ ከጓደኞቹ የሸሸ ልጅ የበለጠ እርዳታ ይፈልጋል። ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት፤ ጸሎቱም ይቀጥል። በዚህ በቆላው አገራችን ወባ ሲይዘን ጸልየን መድኃኒቱንም እንውጥ የለ?