ዕጣው የማን፣ ቁልፉ የማን?

የአዲስ አበባ የጋራ መኖሪያ ቤቶች ግንባታ በ1990ዎቹ አጋማሽ ሲጀመር የተጠራው በዝቅተኛ ገቢ ነዋሪዎች ስም ነበር። ስሙ የድኻ፣ ስሌቱ ግን የባለ ደመወዝ ሆነ። ሃያ በመቶውን በቅድሚያ ከፍሎ ቀሪውን ለባንክ በየወሩ መገበር ለቀን ሠራተኛ እንዴት ይቻለዋል? ስለዚህም ዕጣ ከወጣላቸው ብዙዎቹ ቤቱን አከራይተው ራሳቸው ርካሽ የጭቃ ቤት ተከራዩ። በ2005 ዓ.ም. የመጣው 10/90 ቅድመ ክፍያውን በግማሽ ቢቀንስም ዘጠናው በመቶ ዕዳ ሆኖ ቀረ። ከመሀል ከተማ የቀበሌ ቤት ተነሥታ ወደ ዳር የተላከች ጠላ ሻጭማ ያጣችው ጎጆዋን ብቻ አይደለም፤ ደንበኞቿንም ነው። ደግሞስ አራተኛ ፎቅ ላይ ጌሾ ማን ይወቅጣል? ያ የቀበሌ ቤት ቢያፈስም ኪራዩ ጥቂት ብር ነበር። በምትኩ ሊሠራ የሚገባው የሚሸጥ ሳይሆን በዚያው አቅም የሚከራይ ቤት ነው።