ቀዳም ስዑርና የዘነጋነው ዕረፍት

የኀምሳ አምስቱ ቀን ዐቢይ ጾም ሊፈጸም፣ የሰሙነ ሕማማት ስግደትም አብቅቶ፣ እነሆ ከትንሣኤው ዋዜማ ላይ ደርሰናል። ለዚህ ያደረሰን አምላክ ስሙ የተመሰገነ ይሁን። ትናንት በዕለተ ስቅለት ጉልበታችን እስኪዝል ሰግደናል፤ ዛሬ ሌሊት ደግሞ ጧፍ አብርተን የትንሣኤውን ብሥራት ለመስማት በየአጥቢያችን እንቆማለን። በእነዚህ በሁለቱ ታላላቅ ሰዓታት መካከል የምትገኘው ቀዳም ስዑር ግን ከሁሉ ይልቅ የዘነጋናት ዕለት ሆናለች ብንል ማጋነን አይሆንም።

ቀዳም ስዑር ማለት የተሻረች ቅዳሜ ማለት ነው። ቅዳሜ ሰንበት በመሆኗ በጾም ወራት ከጥሉላት እንጂ ከእህልና ከውኃ አይጾምባትም። በዓመት አንድ ጊዜ፣ ጌታችን በመቃብር በዋለባት በዚህች ዕለት ብቻ፣ ይህ ሥርዓት ተሽሮ ትጾማለች። የሚቻላቸው ምእመናንም ከዓርብ ጀምረው እህል ውኃ ሳይቀምሱ እስከ ትንሣኤው ሌሊት ያከፍላሉ። ዕለቲቱ የጸጥታ ዕለት ናት፤ ጌታ በሥጋው በመቃብር ሲያርፍ፣ በነፍሱ ወደ ሲኦል ወርዶ ለታሰሩት ነጻነትን የሰበከባት ናትና።

ይሁን እንጂ በየቤታችንና በየገበያው የሚታየው ከዚህ የራቀ ነው። የበግና የዶሮው ግርግር፣ የቅቤና የሽንኩርቱ ዋጋ ክርክር፣ የታክሲው ሰልፍ፣ ፋታ የማይሰጠው የእጅ ስልክ ዕለቲቱን ከዓመቱ ቀናት ሁሉ የጥድፊያ ቀን አድርገዋታል። በጓዳ ያለችው እናት ከማለዳ ጀምራ ሽንኩርት ስትከትፍ፣ ዶሮ ስትገነጥል፣ ቁሌቱን ስታማስል፣ ድፎውን ስትደፋ ትውላለች። የቅዳሴው ሰዓት ሲደርስ ከቤተሰቡ ገሚሱ በእንቅልፍ ይሸነፋል፤ ከቤተ ክርስቲያን የደረሰውም ቢሆን ልቡ ከድስቱ ዘንድ ነው። ኀምሳ አምስት ቀን በናፍቆት የጠበቅናትን ሰዓት የምንቀበላት ዝለን፣ አንዳንዴም ተኰራርፈን ነው። ጾሙን በትዕግሥት የፈጸመ አባወራ በዋዜማው ስለ ጐደለ ቅመም ቤቱን ሲያውክ፣ የጾሙ ፍሬ ምኑ ላይ ነው?

የመጀመሪያዪቱ ቀዳም ስዑር እንዴት እንደ ዋለች ወንጌላዊው ሉቃስ በምዕራፍ 23 መጨረሻ ላይ በአጭሩ ጽፎልናል። ከገሊላ ጀምረው ጌታን የተከተሉት ሴቶች መቃብሩን አይተው ከተመለሱ በኋላ ሽቱና ቅባት አዘጋጁ፤ በሰንበት ግን ሕጉ እንደሚያዝዘው ዐረፉ። ከእነዚህ ሴቶች ሥራ ይልቅ ጥድፊያ የሚገባው ሥራ ከቶ ምን አለ? የሚወዱት ጌታ በመቃብር ነው፤ ሽቱው ተዘጋጅቷል፤ ልባቸው በኀዘን ተሰብሯል። ሆኖም ዕቃቸውን አኑረው ሰንበትን አከበሩ። በማረፋቸው ያጡት ነገር አለን? በእሑድ ማለዳ ከሐዋርያት ቀድመው የትንሣኤውን ዜና የሰሙት እነርሱ ናቸው። ያዘጋጁት ሽቱ እንኳ ሳያስፈልግ ቀረ። እነርሱ ባረፉበት ጊዜ እግዚአብሔር የራሱን ሥራ ይሠራ ነበርና። እንግዲህ ዕረፍት ማለት ዓለም በእኛ ጉልበት ብቻ እንዳልቆመች ማመን ነው። የማያርፍ ሰው ብዙውን ጊዜ ትጉህ ብቻ አይደለም፤ እኔ ከሌለሁ ሁሉ ይፈርሳል ብሎ የሚሠጋም ነው።

በቤተ ክርስቲያናችን ታሪክም የዕረፍት ቀን ቀላል ጉዳይ ሆኖ አያውቅም። በ14ኛው መቶ ዓመት አቡነ ኤዎስጣቴዎስ ቅዳሜም እንደ እሑድ ሰንበት ሆና እንድትከበር በማስተማራቸው ተቃውሞ ገጥሟቸው ከሀገራቸው ወጥተዋል፤ በግብፅ፣ በኢየሩሳሌምና በቆጵሮስ በኩል አልፈውም በአርመን ምድር አርፈዋል። ደቀ መዛሙርታቸውም ለብዙ ዓመታት ተገልለው ኖረዋል። ጉዳዩ እልባት ያገኘው በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመነ መንግሥት፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1450፣ የደብረ ምጥማቅ ጉባኤ ሁለቱም ሰንበታት እንዲከበሩ ሲወስን ነው። አባቶቻችን በስደትና በብዙ ክርክር ያቆዩልንን ዕለት እኛ ማንም ሳያስገድደን ለገበያ አሳልፈን ሰጠነው።

«ሀገራችን በዓል አብዝታ ሥራ ፈታች፤ እናንተ ደግሞ ዕረፍት ትሰብካላችሁ» የሚሉን አይጠፉም። ወቀሳው ፈጽሞ መሠረት የለውም አንልም፤ በበዓል ስም በየመጠጥ ቤቱ የሚባክነውን ጊዜ እናውቃለን። ነገር ግን ሰባተኛውን ቀን ለዕረፍት የለየው ያው ትእዛዝ ስድስቱን ቀን ሥራ ይላል። ስንፍና ሥራን መሸሽ ነው፤ ዕረፍት ግን የተሠራውን ለፈጣሪ አስረክቦ በአመስጋኝነት መቀመጥ ነው። ስድስት ቀን በቅንነት ያልሠራ የሰባተኛውን ቀን ጣዕም አያውቀውም፤ ሰባተኛውን ያላከበረም የስድስቱ ቀን ድካም ወዴት እንደሚያደርሰው አያውቅም።

የዕለት ጉርሱን በዕለት ላቡ ለሚያገኘው ተሸካሚ፣ በጉልት ለምትቸረችረው እናት፣ ቅዳሜን ቁጭ በሉ ብንላቸው በችግር ላይ ስብከት መጨመር ይሆንብናል። ቃላችን የሚመለከተው ምርጫ ያለንን ነው። እኛ ግዥያችንን እስከ መጨረሻዋ ሰዓት ባናቆይ፣ እነርሱም ቀደም ብለው ወደየቤታቸው በገቡ ነበር። የእኛ ጥድፊያ የሌላውን ሰው ዕረፍት ይበላል።

ዛሬ ካህናቱ የሚያድሉንን ለምለም ቄጠማ በራሳችን ላይ ስናስር ይህን ብናስብ መልካም ነው። ቄጠማው ለኖኅ የጥፋቱን ውኃ መጉደል ያበሠረችውን ርግብ ያስታውሰናል። ርግቢቱ መጀመሪያ በተላከች ጊዜ ለእግሯ ማረፊያ አጥታ ወደ መርከቢቱ ተመልሳ ነበር። ኖኅም ሌላ ሰባት ቀን ታገሠ፤ ለምለሙ ቅጠል የመጣው ከዚያ ትዕግሥት በኋላ ነው። እኛም ሐሳባችን ማረፊያ አጥቶ ሲንከራተት፣ የሚበጀን ሩጫን መጨመር ሳይሆን መታገሥ ነው።

ታዲያ ምን እናድርግ? ዛሬም ቢሆን አልረፈደም። ከምግቡ ዓይነት አንዱ ቢቀር በዓሉ አይጐድልም። ሽንኩርት መላጥና ዕቃ ማጠብ የሴት ብቻ ሥራ ነው ያለ የቤተ ክርስቲያን ሕግ የለም፤ አባትም ወንድ ልጅም እጃቸውን ይስጡ። ከቅዳሴው በፊት ለጥቂት ሰዓት ስልኩም ቴሌቪዥኑም ዝም ብለው ቤተሰቡ ይረፍ። ከነገ ጀምሮ ደግሞ ጾምና ስግደት የሌለበት በዓለ ኀምሳ ይገባል። ፋሲካ በአንድ ቀን ተበልቶ የሚያልቅ በዓል አይደለምና ዘመድ ጥየቃውንም ግብዣውንም በእነዚህ ሳምንታት ብናከፋፍለው ለኪሳችንም ለጤናችንም ይበጃል። በዘወትር ኑሯችንም አባቶች ቀኑን በሰባት የጸሎት ጊዜያት መክፈላቸውን እናስብ፤ ሁሉን ባንፈጽም እንኳ በጠዋትና በሠርክ ለጥቂት ደቂቃ ቆም ማለት ከማንም ዐቅም በላይ አይደለም።

በመጨረሻ አንድ ነገር እናሳስብ። የሰንበት ትእዛዝ እንዲያርፉ የሚዘረዝራቸው የቤቱን ጌታና ልጆቹን ብቻ አይደለም፤ ሎሌውን፣ ገረዲቱን፣ እንግዳውን፣ ከብቱን ሳይቀር ይጠራል። ስለዚህ እያንዳንዳችን ዛሬ ማታ ነጠላችንን ከማጣፋታችን በፊት ወደ ጓዳችን እንመልከት። ከወላጆቿ ርቃ በቤታችን የምታገለግለው ልጅ የትንሣኤውን ቅዳሴ ታስቀድሳለችን? ወይስ እኛ «ክርስቶስ ተንሥኦ» ስንል እርሷ ድስት ትጠብቃለች? የቤታችን ዕረፍት እውነተኛ መሆኑ የሚታወቀው በእርሷ ዕረፍት ነው።

በዓሉን የሰላም፣ የጤናና የዕረፍት ያድርግልን። እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው አደረሳችሁ።