የከተማው ጭስ እና የአርሶ አደሩ ማሳ

ጠዋት ጠዋት በከተሞቻችን መግቢያ የሚታየው ትዕይንት ተመሳሳይ ነው። ሽንኩርትና ቲማቲም የጫነ አይሱዙ፣ ተማሪ ያሳፈረ ባጃጅ፣ ሠራተኛ የሚያመላልስ ሚኒባስ፣ ጋሪና እግረኛ በአንድ ጠባብ አስፋልት ላይ ይገናኛሉ። ተሽከርካሪዎቹ ቆመውም ነዳጅ ያቃጥላሉ። ጭሱም ታክሲ ለሚጠብቀው ተሳፋሪ እና በመንገድ ዳር ጉሊት ለምትቸረችረው እናት ይደርሳል። ይህ ችግር ዘወትር የሚነሳው የተሽከርካሪ ጉዳይ ተደርጎ ነው። ሥሩ ግን ከተማው በየት በኩል ይስፋ፣ ምን ያህልስ ይስፋ ተብሎ በሚወሰንበት ጠረጴዛ ላይ ነው።

በኢትዮጵያ የትራንስፖርት ዘርፉ የካርቦን ልቀት ድርሻ ትንሽ እንደነበር የሚታወቅ ነው። ለአየር ንብረት ለውጥ የማይበገር አረንጓዴ ኢኮኖሚ ስትራቴጂ እንዳሰፈረው፣ እ.ኤ.አ በ2010 ከሀገሪቱ 150 ሚሊዮን ቶን ገደማ ልቀት ውስጥ የትራንስፖርቱ 5 ሚሊዮን ቶን፣ ማለትም 3 በመቶ አካባቢ ነበር። ይሁን እንጂ ይኸው ሰነድ ነገሩ በነበረበት ከቀጠለ ልቀቱ እ.ኤ.አ በ2030 ወደ 41 ሚሊዮን ቶን ሊያድግ እንደሚችል አስጠንቅቋል። እንዲህ በፍጥነት የሚያድገው ከተሞች ሲሰፉ፣ መንገዱ ሲረዝም እና የተሽከርካሪው ቁጥር ሲጨምር ነው።

ካርቦን ዳይኦክሳይድ ጉዳቱ መላውን ዓለም የሚነካ ነው፤ ከጭሱ ጋር አብሮ የሚወጣው ጥላሸት ግን ጉዳቱ እዚያው ሰፈር ውስጥ ነው። በዓይን የማይታዩት ደቃቅ ብናኞች ከሳንባ አልፈው ወደ ደም ይገባሉ፤ ለልብና ለመተንፈሻ አካላት ሕመምም ያጋልጣሉ። የዓለም ጤና ድርጅት የእነዚህ ብናኞች ዓመታዊ አማካይ መጠን በአንድ ሜትር ኩብ አየር ውስጥ ከ5 ማይክሮ ግራም እንዳይበልጥ እ.ኤ.አ በ2021 መክሯል።

መንግሥት በጥር 2016 ዓ.ም በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ ሀገር ውስጥ እንዳይገቡ መከልከላቸውን አስታውቋል። ነዳጅ የሚገዛው በውጭ ምንዛሪ ሲሆን፣ ኤሌክትሪኩ ግን በአብዛኛው ከራሳችን ወንዞች ይመነጫል። ጳጉሜን 4/2017 ዓ.ም የተመረቀው እና 5 ሺህ 150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብም ለዚህ መንገድ ጉልበት ሰጥቷል።

ይሁንና የኤሌክትሪክ መኪና ብቻውን መፍትሔ አይሆንም። ጭሱን ያስቀራል፤ መጨናነቁን ግን አያስቀርም፤ ጎማና መንገድ ሲፋተጉ የሚነሳው ብናኝም አብሮት አለ። ዋጋውም ከአብዛኛው ነዋሪ አቅም በላይ ነው። ከዚህ ባሻገር አንድ የቤት መኪና የቀኑን አብዛኛ ጊዜ ቆሞ ሲውል፣ ባጃጅና ሚኒባስ ከንጋት እስከ ምሽት ሲሮጡ ይውላሉ። አንድ ሊትር ናፍጣ ሲቃጠል 2 ነጥብ 7 ኪሎ ግራም ገደማ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣል። ስለዚህ ወደ ኤሌክትሪክ የሚደረገው ሽግግር ከባለሀብቱ አውቶሞቢል ይልቅ ከባጃጁና ከሚኒባሱ ቢጀምር ለከተማው አየር የሚሰጠው ጥቅም ይልቃል። የባጃጅ ባለንብረቱ ግን ዕዳ ተሸክሞ እንጀራውን እንዳያጣ፣ ሽግግሩ ከብድር አቅርቦትና ከበቂ የጊዜ ገደብ ጋር መምጣት ይኖርበታል።

ከዚህ ሁሉ የሚቀድመው ርቀት ነው። ቤቱ ከሥራው ሁለት ኪሎ ሜትር የሚርቅ ሰው በእግሩ ወይም በብስክሌት ይደርሳል። ቤቱ ከከተማው ዳርቻ ስምንት ኪሎ ሜትር ሲርቅ ግን በቀን አራት ጊዜ ተሽከርካሪ ሊቀያይር ይገደዳል። ያ ዳርቻ ደግሞ ትናንት ጤፍና በቆሎ የሚበቅልበት ማሳ ነበር። ከተማው ወደ ጎን ብቻ ሲለጠጥ አርሶ አደሩ መሬቱን ያጣል፤ ያንኑ መሬት ተመርቶ ቤት የሠራው ነዋሪም ዕድሜውን ሙሉ የትራንስፖርት ወጪ ይከፍላል። ማዘጋጃ ቤቱም መንገድ፣ ውኃና መብራት ለመዘርጋት በጀት ያጥረዋል። በአንድ የፕላን ውሳኔ ሦስቱም ይጎዳሉ።

ባሕር ዳር ለዚህ ጥሩ ማሳያ ናት። መሬቷ ሜዳ በመሆኑ ብስክሌት ለረጅም ዘመን የተማሪው፣ የመምህሩ እና የሠራተኛው መጓጓዣ ሆኖ ኖሯል። በግንቦት 2016 ዓ.ም የተመረቀው 380 ሜትር የሚረዝመው አዲሱ የዓባይ ድልድይም ከተሽከርካሪ መስመሮች በተጨማሪ የእግረኛና የብስክሌት መንገድ አለው። የበለጸጉ ሀገራት ከተሞች ዛሬ ብዙ ገንዘብ አውጥተው ሊመልሱት የሚጥሩት ይህንኑ ልማድ ነው። እኛ ግን በእጃችን ያለውን ቸል ብለን ካጠፋነው በኋላ መልሰን እንዳንገዛው መጠንቀቅ ይገባል። የድልድዩ የብስክሌት መንገድ ትርጉም የሚኖረው እስከ ትምህርት ቤቱ፣ እስከ ገበያውና እስከ መናኸሪያው ሳይቋረጥ ሲዘልቅ ነው።

ሊሠሩ የሚችሉት ሥራዎች ከከተሞች አቅም በላይ አይደሉም። በመሐል ከተማ ታጥረው የተቀመጡ ባዶ ቦታዎች አዲስ የእርሻ መሬት ከመነካቱ በፊት ሊለሙ ይችላሉ። የእግረኛ መንገድ ከግንባታ ቁሳቁስና ከቆሙ መኪኖች ሊጸዳ፣ ዛፍም ሊተከልበት ይችላል። ስልሳ ሰው የሚጭን አንድ አውቶቡስ ሦስት ሦስት ሰው የሚጭኑ ሃያ ባጃጆችን ሥራ ስለሚሠራ፣ በዋና ዋና መስመሮች አውቶቡስ፣ በውስጥ ለውስጥ መንገዶች ባጃጅ ቢመደብ ሁሉም ድርሻውን ያገኛል። የገበያ ቦታ ሲዛወርም ከገጠር ምርት ይዞ የሚመጣው አርሶ አደር ለተጨማሪ ጭነት ሁለተኛ ክፍያ እንዳይከፍል አስቀድሞ ማስላት ያሻል።

የከተማ ፕላን ሲከለስ ነዋሪውና በዙሪያው ያለው አርሶ አደር ለውይይት ይጠራሉ። በዚያ መድረክ ላይ ብዙውን ጊዜ የሚነሳው ካሳ፣ ምትክ ቦታና የመንገድ ስፋት ነው። ከእነዚህ ጋር አንድ ጥያቄ ሊታከል ይገባል፦ ይህ ፕላን ልጄን ከትምህርት ቤት፣ ምርቴን ከገበያ ምን ያህል ያርቀዋል? መልሱ በኪሎ ሜትር ሲነገር፣ የጭሱም የወጪውም የማሳውም ሒሳብ አብሮ ይታያል።